ቡናው አነቃው እንጂ ስካሩን አላበረደውም



አሜሪካ የምትማረው የልጅ ልጄ በቀደም ደውላ «እማማ፣ ሥራ ጀመርኩ» አለችኝ። ምን ሥራ ብላት፣ በዩኒቨርሲቲዋ ላቦራቶሪ ለአይጦች አልኮል ታቀርባለች። «ለዚህ ነው ባሕር ተሻግረሽ የሄድሽው?» ብዬ ሳቅሁባት። እሷ ግን ቁም ነገሯን ቀጠለች።

አይጦቹ ሲ 57 ብላክ 6 የሚባሉ ጥቋቁር ናቸው፤ ከብዙዎቹ ዘሮች በተለየ አልኮል ወደው ይጠጣሉ። አይጥ የሌሊት እንስሳ ስለሆነች ጠርሙሱ የሚቀርብላት የክፍሉ መብራት ከጠፋ በኋላ ነው። ልጄ ጠርሙሱን በፊትና በኋላ ትመዝናለች፤ የጎደለውንም ለአይጧ ክብደት ታካፍላለች። ለአንዳንዶቹ አልኮሉ ውስጥ ካፌይን ይጨመራል። ጥያቄው «ካፌይን ሲገባበት ይበልጥ ይጠጣሉ ወይስ ይቀንሳሉ?» የሚል ነው። እሷ ገና የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ናት፤ ድርሻዋ ሚዛኑና መዝገቡ ነው።

«ታዲያ ቡና ስካር ያበርድ የለ?» አልኳት፣ ነርስነቴን ተማምኜ።

«አያበርድም እማማ» አለችና እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ የቴምፕል ዩኒቨርሲቲ ጥናት አጫወተችኝ። አይጦቹን በመስቀል ቅርጽ በተሠራ መተላለፊያ ውስጥ ለቀቋቸው። በአንደኛው መንገድ ኃይለኛ ብርሃንና ጩኸት አለ። ምንም ያልተሰጣት አይጥ ያንን መንገድ ለይታ መሸሽ ትማራለች። አልኮል የተሰጣት ግን ትምህርቱ አይገባትም። ካፌይን ቢጨመርላትም ጉድለቱ አልተቃናም።

ይህን ስሰማ ዝም አልኩ።

ከሃያ ዓመት በፊት በአንድ የቤተሰብ ሰርግ ታናሽ ወንድሜ ሲጠጣ አምሽቶ ነበር። ቁልፉን ቀምተው እዚያው እንዲያድር የለመኑት ነበሩ። «ቆዩ፣ ቡና ላፍላለት» ያልኩት እኔ ነኝ። ያለ ስኳር ሁለት ሲኒ አጠጣሁት። ዓይኑ ተገለጠ፤ ቀልድ ጀመረ። «ይኸው ነቃ፣ ስጡት» አልኩ። ነርስ ነኝና ማንም አልተከራከረኝም። ቤቱ ሳይደርስ ቦይ ውስጥ ገባ። ነፍሱ ተረፈች፤ ቀኝ እግሩ ግን እስከ ዛሬ ያነክሳል። «የዝናቡ ነገር ነው» ይላል እሱ። እኔም እስከዚያች ስልክ ድረስ «አዎ፣ ዝናቡ ነው» ስል ኖሬያለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አእምሯችን ውስጥ አዴኖሲን የሚባል፣ እንቅልፍ የሚጋብዝ ንጥረ ነገር አለ። ካፌይን የእሱን መቀመጫ ይይዝበታል፤ ስለዚህ እንቅልፉ ይሸሻል። አልኮሉን የሚያስወግደው ግን ጉበት ነው። ለአንድ ጠርሙስ ቢራ አንድ ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ ይፈጅበታል፤ ቡና አያፈጥነውም። እንግዲህ ቡና የጠጣው ሰካራም የነቃ ሰካራም ነው። የሚያስፈራውም ይኸው ነው፤ ራሱም «ደህና ነኝ» ይላል፣ እኛም እናምነዋለን።

ልጆቻችን አሁን አልኮልን ከኃይል ሰጪ መጠጥ ጋር ሲቀላቅሉ ይታያል። ጉዳዩ አንድ ነው። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2010 ካፌይን የተጨመረባቸውን የአልኮል መጠጦች ያመርቱ የነበሩ አራት ኩባንያዎችን ያስጠነቀቀው በዚሁ ምክንያት ነው።

ስለዚህ ወላጆች፣ የጠጣ ልጅ ቤታችሁ ካለ ሲኒ ከማቅረባችሁ በፊት ቁልፉን ደብቁ። በጎኑ አስተኙት፤ ብቻውን አትተዉት። ስትቀሰቅሱት ካልነቃ ወይም አተነፋፈሱ ከዘገየ ጊዜ ሳታባክኑ ወደ ሆስፒታል ውሰዱት።

ባለፈው እሑድ ወንድሜ ዘንድ ሄጄ ሁሉንም ነገርኩት። ለጥቂት ጊዜ እግሩን ሲያሻሽ ቆየና «ቡናውማ ጥሩ ነበር» አለኝ።

ሳምንት በሰላም ያገናኘን።