መዝገቡን የምንሞላው እኛው ነን

እህቶቼ፣ ባለፈው ወር በፊልሙ እሁድ አዳራሻችን የነበራችሁ ሁለት ነገር በአንድ ቀን እንደሆነ ታስታውሳላችሁ። ከቡና በፊት «ዘ ሰርቫንት» የሚባለውን የእንግሊዝ ፊልም አየን፤ በእኛ ቋንቋ «አሽከሩ» ማለት ነው። ከቡና በኋላ የእቁቡ ኮሚቴ አዲስ ደንብ አነበበልን። ኢቃማ የሌላት ሴት እቁብ አትገባም፤ ከአሠሪዋ ቤት ጠፍታ የወጣች ካለች ደግሞ ሌላው እንዲጠነቀቅ ስሟ በስብሰባ ይነገራል። እጅ ወጣ፣ ተጨበጨበ፣ አለቀ። እኔ እጄን አላወጣሁም፣ ግን አልተቃወምኩምም። ዝም አልኩ። እቤት ገብቼ እንቅልፍ እምቢ ስላለኝ ነው ይህን የምጽፈው።

ደንቡ በማን ምክንያት እንደወጣ ሁላችንም እናውቃለን። እዚህ ስሟን አልጠራም። ሰባት ወር ደሞዝ ሳይከፈላት፣ ማዳሟ በወጣች ቁጥር ከውጭ እየተቆለፈባት ቆይታ፣ አንድ ቀን ቆሻሻ ልትጥል ወረደችና አልተመለሰችም። ማዳሟ «ጠፋችብኝ» ብላ አስመዘገበች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጅቷ ወረቀት የላትም። ስለ ሰባቱ ወር ደሞዝ ግን የመዘገበ ሰው የለም።

በስብሰባው ላይ አንዲት ታላቃችን ተነስተው «መዝገብ ውስጥ የገባ ሰው ያለ ምክንያት አልገባም» አሉ። እኚህ ሴት እኔ ቡርጅ ሐሙድ መጠጊያ ሳጣ ፍራሻቸውን ለሁለት የከፈሉልኝ ናቸው፣ ስለዚህ ስከራከራቸው እያከበርኩ ነው። ግን እትዬ፣ ያንን ቃል የተናገሩት ያየነውን ፊልም የሠራው ሰውዬ ታሪክ በወረቀት ከታደለን ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ነው። ወረቀቱን ብዙዎቻችን ሲኒ አስቀመጥንበት። እኔ ወደ ቤት ወሰድኩት። ማክሰኞ ማክሰኞ የማጸዳላቸው ሴትዮ ደግሞ የሲኒማ መጽሐፍ ስላላቸው የቀረውን ከእሳቸው ጠይቄ ሞላሁት።

ሰውዬው ጆሴፍ ሎሲ ይባላል። በ1909 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) አሜሪካ፣ ዊስኮንሲን ውስጥ የተወለደ ዳይሬክተር ነው። የመጀመሪያው ረጅም ፊልሙ በ1948 የወጣው የባለ አረንጓዴ ፀጉሩ ልጅ ታሪክ ነው። ወላጆቹ በጦርነት ያለቁበት ልጅ አንድ ጠዋት ሲነሳ ፀጉሩ አረንጓዴ ሆኖ ያገኘዋል። የከተማው ሰው ይሸሸዋል፣ ይፈራዋል፣ በመጨረሻም ፀጉሩ ይላጭ ብሎ ያስላጨዋል። ይህን ፊልም አላየሁትም፣ ታሪኩን ነው ያነበብኩት። ግን ሊባኖስ የገባሁ ቀን ማዳሜ ጉንጉኔን መታጠቢያ ቤት ውስጥ በመቀስ ስትቆርጠው ታሰበኝ። «ቅማል» አለች። ቅማል አልነበረኝም። ከመካከላችን ይህ ያልደረሰባት ስንቷ ናት?

ወደ መዝገቡ ልምጣ። በ1947 የአሜሪካ ምክር ቤት አንድ ኮሚቴ ሆሊውድ ውስጥ ኮሚኒስት እፈልጋለሁ ብሎ የፊልም ሰዎችን ዋሽንግተን ጠራ። አሥሩ አንመልስም ስላሉ ኋላ ታሰሩ። በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ የስቱዲዮ ባለቤቶች ኒው ዮርክ ሆቴል ውስጥ ተሰብስበው እነዚህን ሰዎች አንቀጥርም አሉ። ጥቁር መዝገብ የሚባለው እንደዚህ ተጀመረ። ማኅተም ያለው ደብተር እንዳይመስላችሁ። ስቱዲዮዎቹ ለዓመታት መዝገብ የሚባል ነገር የለንም እያሉ ነበር። ስልክ ነበር፣ ሹክሹክታ ነበር፣ «እሱን ተወው፣ ነገር ያመጣብሃል» ነበር። የማውጫው በር ደግሞ ኮሚቴው ፊት ቀርቦ የጓደኛን ስም መናገር ነበር። ከአሥሩ እስረኞች አንዱ፣ ኤድዋርድ ድሚትሪክ የሚባል ዳይሬክተር፣ ከእስር ከወጣ በኋላ በ1951 ቀርቦ ስም ተናገረና ወደ ሥራው ተመለሰ።

ሎሲም በዚያ ዓመት ስሙ ተነሳበት። እሱ ግን ፊልም ሊሠራ ኢጣሊያ ሄዶ ነበር። ተመልሶ ስም ቢናገር ሥራው ይጠብቀው ነበር። አልተናገረም። በ1952 መጨረሻ አሜሪካ ተመልሶ ሥራ ፈለገ፤ በፊልምም፣ በቲያትርም፣ በሬዲዮም የሚቀጥረው አላገኘም። በ1953 መጀመሪያ ለንደን ገባ። ሆሊውድ ውስጥ ሌላ ፊልም ሳይሠራ በ1984 እዚያው ለንደን ሞተ።

አሁን «ያለ ምክንያት አልገባም» ለሚለው ልመልስ። እውነት ነው፣ ሎሲ የኮሚኒስት ፓርቲ አባል ነበር። ምክንያት ነበረ ማለት ነው። ግን ምን ወንጀል ሠራ? የትኛው ፍርድ ቤት ፈረደበት? አንድም የለም። ያቺ ልጅም በእርግጥ ከቤቱ ወጥታለች፤ እሷም አልካደችም። ምክንያት መኖሩና ጥፋት መኖሩ አንድ አይደለም፣ እትዬ። የተቆለፈ በር ከፍቶ መውጣት ጥፋት ከሆነ መዝገቡ ላይ መጀመሪያ መግባት ያለበት የቆለፈው ነው። ደግሞ የትኛው ሕግ ሊዳኛት ነው? የሊባኖስ የሥራ ሕግ በ1946 ሲወጣ አንቀጽ 7 ላይ የቤት ሠራተኛን ከሕጉ ውጭ አድርጓታል። ሠራተኛ ብሎ ያልቆጠራት አገር «ሥራዋን ጥላ ጠፋች» ሲላት አብረን አዎ ጠፍታለች እንበል?

በጣም ያናደደኝ ክፍል ግን ይህ አይደለም። የማኅበራቸው ነገር ነው። የአሜሪካ ፊልም ዳይሬክተሮች ማኅበር ነበራቸው፤ እንደ እኛ መብታቸውን ሊጠብቁበት ያቋቋሙት። በ1950 ሴሲል ዴሚል የሚባለው ትልቅ ዳይሬክተርና ወገኖቹ፣ የማኅበሩ ሊቀመንበር ጆሴፍ ማንኪዊክዝ ውጭ አገር ሳለ፣ አባል ሁሉ ኮሚኒስት አይደለሁም ብሎ ይማል የሚል ደንብ አጸደቁ። ማንኪዊክዝ ሲቃወም ከወንበሩ ሊያወርዱት ተነሱ። ያን ጊዜ 25 ዳይሬክተሮች ስብሰባ ይጠራልን ብለው ፈረሙ። ከፈራሚዎቹ አንዱ ሎሲ ነበር። ኦክቶበር ላይ ተሰብስበው ሌሊቱን ሲከራከሩ አደሩ፣ ዴሚልና የሥራ አመራሩ ተሸንፈው ወረዱ። ደስ ይላል አይደል? ቆዩ። ጥቂት ቀን ሳይቆይ ያው ማንኪዊክዝ ራሱ፣ አባላቱ በፈቃዳቸው መሐላውን እንዲፈርሙ ጠየቀ። መሐላው ቀረ ሲባል ቀረ፣ ማለትም ማኅበሩ ውስጥ ቀረ። የደራሲዎቹ ማኅበርም ኋላ ላይ ስቱዲዮዎች የእነዚህን ሰዎች ስም ከፊልም ላይ እንዲያነሱ ተስማማ።

አያችሁ፣ አለቆቹ ብቻቸውን አልቻሉትም። ማኅበሩ አገዛቸው። ማኅበሩ ያገዘው ክፉ ስለሆነ አይመስለኝም። ፈርቶ ነው። ለእኛ አይድረስ ብሎ ነው። የእኛም ኮሚቴ እንደዚያው ነው፣ አውቃለሁ። ሁለት ዓመት ሆኖታል፣ አንዲት ልጅ እቁቧን በልታ በሳምንቱ ተይዛ አገር ቤት ተላከች፤ የቀራችሁት ገንዘባችሁን አጣችሁ። ያ ሕመም ውሸት ነው አልልም፣ እኔም የ150 ዶላር ድርሻዬ ሄዷል። ግን ለእሱ መድኃኒቱ እናቶቻችን ያወቁት ነው። ዋስ ትጥራ። ወይም ወረቀት የሌላት መጨረሻ ላይ ትውሰድ። ከመጨረሻዋ ሴት ማን ምን ይቀማል? ስሟን በስብሰባ መጥራት ግን ለእቁቡ አንድ ሊራ አይጨምርም። አርባ ሴት የሰማው ስም እሁድ ማታ ዶራ ይደርሳል፣ ሰኞ ጠዋት መክተብ ይደርሳል። ይህን የማያውቅ ሰው በመካከላችን የለም።

ስለ ስም ካነሳሁ አይቀር። ሎሲ ኢጣሊያ የሠራው ፊልም ላይ የተጻፈው ስም አንድሪያ ፎርዛኖ ነው። እንግሊዝ አገር በ1954 የሠራው ፊልም ላይ ቪክተር ሀንበሪ፣ በ1956 ጆሴፍ ዋልተን። የራሱን ስም ይዞ እንግሊዝ ውስጥ የወጣው የመጀመሪያ ፊልሙ በ1957 ነው። ይህን ለሴትዮዋ ሳነብላቸው አዘኑለት። እኔ ሳቅሁ። ነውር ነው፣ ግን ሳቅሁ። ምክንያቱም የእኔ ፓስፖርት ላይ ያለችው ሴት ከእኔ በሰባት ዓመት ትበልጣለች፣ ስሟም የአባቴ ስም የለበትም። ደላላው ነው የወለዳት። የመጀመሪያ ማዳሜ ደግሞ ስሜ ከበዳትና ከእኔ በፊት በነበረችው ልጅ ስም ሁለት ዓመት ጠራችኝ። ሎሲ ቢያንስ የሌላ ሰው ስም ሲጽፉበት ሥራው የእሱ እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ነበረ። የእኔን ቤት ማን እንደጠረገው ማን ያውቃል?

አሁን ወደ ፊልሙ። ሌላው ጠብ የተነሳው እዚያ ላይ ስለሆነ ልለፈው አልችልም። «አሽከሩ» በ1963 የወጣ ነው፤ የጻፈው ሃሮልድ ፒንተር፣ አሽከሩን ባሬትን ሆኖ የሠራው ደርክ ቦጋርድ። ባሬት ቶኒ የሚባል የሀብታም ልጅ ቤት ይቀጠራል። ያበስላል፣ ያጸዳል፣ ቀስ እያለ ቤቱን በእጁ ያደርጋል። ቬራ የምትባል ልጅ «እህቴ ናት» ብሎ ገረድ አድርጎ ያስገባል፤ እህቱ አይደለችም። በእሷ ጌታውን ያጠምዳል። መጨረሻ ላይ ጌታው ሰካራም ሆኖ የአሽከሩን እጅ የሚያይ ይሆናል። ከኋላ የነበሩት ልጆች ባሬት ጌታውን ሲቆጣው አጨበጨቡ። እውነቱን ለመናገር እኔም ደስ አለኝ፤ ለአንድ ደቂቃ። ከዚያ ታላቃችን «ይኸው፣ ለዚህ ነው ማዳሞች የማያምኑን» አሉ።

እኔ እንዲህ ነው የማየው። ይህን ፊልም የሠራው ሰው አሥር ዓመት በስደት በሰው ስምና በሰው ፈቃድ የሠራ ሰው ነው፤ በሰው ቤት መኖር ሰውን ምን እንደሚያደርግ ያውቃል። ደረጃው፣ መስታወቱ፣ ባሬት በር ላይ ሲቆም ዓይኑ የሚያየው ሁሉ እውነት ነው። ሆኖም ፍርሃቱ የጌታው ፍርሃት ነው። ማዳሞች ማታ አልጋቸው ላይ የሚፈሩትን ነው ያሳየን። አሽከር ዘዴ ሲሸርብ አየን፣ ደሞዙን ሲጠብቅ ግን አላየንም። የጓጓሁት ስለ ቬራ ለማወቅ ነበር። ፊልሙ ግን ብዙ አይጨነቅላትም። በሌላ ሰው ውሸት ገብታ፣ ለሌላ ሰው ጥቅም አልጋ ላይ የተላከችው እሷ ናት። ሎሲን አከብረዋለሁ፣ ይህን ግን አልተውለትም። ስናጨበጭብ ራሳችንን ባሬት አድርገን ነው። እኛ ቬራ ነን።

አንዳንዶቻችሁ ደግሞ ወረቀቱን አይታችሁ «ይኸው ተባርሮም ትልቅ ሰው ሆነ፣ የሠራ አይወድቅም» ስትሉ ሰማሁ። በ1971 ካን ላይ ትልቁን ሽልማት ማግኘቱ እውነት ነው። ግን ቁጠሩት። ሲሰደድ 42 ዓመቱ ነበር፣ «አሽከሩ» ሲወጣ 54። መሐሉ ያለው ዕድሜ የማን ነው? ደግሞ እሱ ለንደን ውስጥ ስም የሚያበድሩት ጓደኞች ነበሩት። ከእሱ ጋር የተመዘገቡት ስማቸውን የማናውቀው ብዙ ናቸው፤ የማናውቃቸው መዝገቡ ሥራውን ስለጨረሰ ነው። የአንድ ሰው መዳን መዝገቡን ንጹሕ አያደርገውም።

ስለዚህ በሚቀጥለው እሁድ እጄን አወጣለሁ። ስም ይነገር የሚለው ይሰረዝ፣ ዋስ የሚለው ይግባ እላለሁ። እትዬ፣ እርስዎም ልጅቷን ፍራሽዎ ላይ ቢያስተኟት ኖሮ ይህን ቃል እንደማይናገሩ አውቃለሁ፤ እኔን ስላስተኙኝ ነው የማውቀው። እኔ ያን ጊዜ ኢቃማ እንዳልነበረኝ ጠይቀውኝ አያውቁም።

ከስብሰባው በፊት የሚታየው ፊልም ያው የሎሲ ነው፤ በ1976 ፈረንሳይ የሠራው «ሚስተር ክላይን»። በ1942 ፓሪስ ውስጥ ከሚሸሹ አይሁዶች ሥዕል በርካሽ የሚገዛ ሰው ነው፤ አንድ ቀን በእሱ ስም የሚጠራ ሌላ ሰው እንዳለ ያውቃል፣ ስሙም መዝገብ ላይ ይወጣል። ፖሊስ ጋ ሄዶ እኔ እሱ አይደለሁም ይላል። የቀረውን እዩት። ያቺን ልጅም ጠርቻታለሁ። እመጣለሁ ብላለች፤ ግን በሩ አጠገብ ነው የምቀመጠው አለችኝ።