በጋዜጣ ቤት ያልተሳካ ሥራ ስለ መመዝገብ

የማተሚያ ቤትን ሥራ ያየ ሰው እንደሚያውቀው፥ ፊደል ለቃሚው የሳተው ፊደል በእርማት ወረቀት ላይ በቀይ ቀለም ተከቦ ይመለስለት ነበር። ስሕተቱን የሚሸፍንለት አልነበረም፤ ሙያውንም የተማረው በዚያው ነው። ለአንዲት ፊደል ይህን ያህል የሚጠነቀቅ የጋዜጣ ቤት፥ ብዙ ገንዘብ የፈሰሰበት አዲስ ሥራ ሳይሳካ ሲቀር ዝም ብሎ ማለፉ እጅግ ያስገርመናል።

ለዚህ ምስክር የሚሆነን ኒውዮርክ ታይምስ የተባለው ጋዜጣ ነው። እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ2014 ዓ.ም. ጥቂት ሠራተኞች፥ በኤ. ጂ. ሰልዝበርገር መሪነት፥ የቤታቸውን ጉድለት መርምረው ለአለቆቻቸው ጽሑፍ አቀረቡ። ጽሑፉ ለውስጥ ብቻ የታሰበ ቢሆንም፥ በዚያው ዓመት በግንቦት ወር ሾልኮ ወጣ። የድረ ገጹን የፊት ገጽ የሚጎበኘው አንባቢ በ2 ዓመት ውስጥ በግማሽ መቀነሱ፥ የአዘጋጆቹ አሳብ ግን አሁንም ወረቀቱ ላይ መሆኑ ተገልጧል። ከሁሉ ይልቅ የነካን ሌላ ቃል ነው፤ ይኸውም፥ አንድ ሙከራ ሲከሽፍ የመሪዎቹን ስም ለመጠበቅ ሲባል ነገሩ በጸጥታ ይዘጋል፥ ትምህርቱም ይረሳል፥ የሠሩትም ሰዎች ዳግመኛ ለመሞከር ይፈራሉ የሚለው ነው። አዲሱን ሙያ ከሚያውቁትም መካከል ቤቱን ትተው የሄዱ ነበሩ።

በአገራችን የጋዜጣና የማተሚያ ሥራ የያዛችሁ ክቡራን አባሎች፥ ይህ ከእናንተ ቤት የራቀ ነውን?

«ኪሳራን መዝግቦ ማኖር ለተፎካካሪ መሣሪያ ማቀበል ነው» የሚል ባለቤት አይጠፋም። ነገር ግን የኒውዮርኩ ጋዜጣ ጉድለቱ በአደባባይ ቢነበብም አልወደቀም፤ በ2023 የደንበኞቹ ቍጥር ከ10 ሚሊዮን በላይ ደርሷል። ይህ ሁሉ ከዚያ ጽሑፍ የመጣ ነው አንልም፤ በድረ ገጹ የሚነበበውን በክፍያ ማድረግ የጀመረው ቀደም ብሎ በ2011 ነውና። የምንለው፥ እውነቱን በመጻፉ አልተጎዳም ነው።

ስለዚህ እያንዳንዱ የጋዜጣ ቤት ያልተሳኩ ሙከራዎች የሚጻፉበት አንድ መዝገብ ቢያኖር፥ በወር አንድ ጊዜም ሠራተኞቹን ሰብስቦ ቢያነበው እንመክራለን። ስብሰባው በሥራ ሰዓት ይሁን፤ ከምሽት በኋላ የደከመ ሰው ምን ይማራል? መዝገቡም በዋና አዘጋጁ ወይም በሥራ አስኪያጁ በራሱ ስሕተት ይጀመር። በአዲስ ገቡ ጸሐፊ ስሕተት የተጀመረ እንደ ሆነ፥ ሁለተኛውን ገጽ የሚሞላ ሰው አይገኝም። የጠፋውንም ገንዘብ ልክ ሒሳብ ሹሙ በብር ይጻፍበት።