እድሩ ከቀብር በፊት ይድረስ



አበው «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ይላሉ። በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ዳርቻ፣ በሂውስተንና በአካባቢዋ የምንኖር ሰዎች የብርድ ወራት በተቃረበ ቁጥር የምንሰማው ጩኸት ከዚህ ተረት ብዙም የራቀ አይደለም። የበረዶ ወጀብ ሊመጣ ነው ሲባል ሕዝቡ ወደ ሱቅ ይጎርፋል፤ ዳቦና ውሃ ከመደርደሪያው ይጠፋል፤ ሹማምንቱም በቴሌቪዥን መስኮት ብቅ ብለው «ተዘጋጁ» ይሉናል። ለመሆኑ እነሱስ ተዘጋጅተዋል ወይ?

ጥያቄዬ ያለ ምክንያት አይደለም። በፌብሩዋሪ 2021 ቴክሳስን በመታው ብርድ ከ4 ሚሊዮን በላይ ቤቶችና የንግድ ድርጅቶች መብራት አጡ። ክፍለ ግዛቱ ራሱ በመጨረሻ ያመነው የሟቾች ቁጥር 246 ሲሆን አብዛኞቹን የገደላቸው ብርዱ ነው። የኤሌክትሪክ መረቡን የሚያስተዳድረው ኤርኮት፣ መረቡ ሙሉ በሙሉ ሊወድቅ 4 ደቂቃ ከ37 ሰከንድ ያህል ብቻ ቀርቶት እንደነበር ተናግሯል። በዓለም በነዳጅና በጋዝ ሀብቱ ስሙ የገነነ ምድር ሕዝቡ በገዛ አልጋው ላይ በረደ!

ያኔ «ይህን ማን ይገምት ነበር?» ተባለ። መገመትስ ባላስፈለገ ነበር። በ1989ም በ2011ም ብርዱ መጥቶ ማመንጫዎችን አቁሟል። ከ2011 በኋላ የፌዴራሉ ተቆጣጣሪዎች ማመንጫዎቹና የጋዝ ተቋማቱ ብርድ እንዲቋቋሙ ተደርገው እንዲታደሱ በጽሑፍ መከሩ። ምክሩ ግን ግዴታ ስላልሆነ መደርደሪያ ላይ ቀረ። በ2021 ፖለቲከኞች ጥፋቱን በነፋስ ተርባይኖች ላይ ሊያላክኩ ሞከሩ፤ ከሁሉ በላይ የጎደለው ኃይል ግን ከጋዝ የሚመነጨው ነበር። ከዚያው ክፍለ ግዛት ሳንወጣ ኤል ፓሶን እንመልከት። ከምዕራቡ የአገሪቱ መረብ ጋር የተሳሰረችው ይህች ከተማ፣ ኃይል አቅራቢዋ ከ2011 ትምህርት ወስዶ ማመንጫዎቹን ለብርድ በማዘጋጀቱ፣ በ2021 ከጨለማው ተርፋለች። ብርዱ ያው ብርድ ነው፤ ልዩነቱ ዝግጅት ነው።

ከ2021 በኋላ ዝግጅቱን ግዴታ የሚያደርግ ሕግ ወጣ። በጃንዋሪ 2025 በረዶ ከሂውስተን እስከ ኒው ኦርሊንስ የባሕር ዳርቻውን ሲያለብስ መረቡ ጸና። እሰየው! ነገር ግን በ2011 ያልወጣ ሕግ እንዲወጣ ይህ ሁሉ ሰው መሞት ነበረበትን? ደግሞስ ማመንጫው ቢጸና ምሰሶውና ሽቦው ከወደቀ ምን ይረባል? በጁላይ 2024 ቤሪል የተባለው አውሎ ነፋስ በሂውስተንና በዙሪያዋ ከ2 ሚሊዮን በላይ ደንበኞችን በሙቀት ወራት ያለ መብራት አስቀርቷል። የበረዶ ወጀብም ያንኑ ምሰሶ ያገኘዋል።

እስካሁን ስለ መንግሥት ተናገርሁ። ስለ እኛስ? በ2021 በሂውስተን ከሞቱት መካከል ወገኖቻችን ይገኙበታል፤ የገደላቸውም ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው። ይህ ጋዝ ሽታም ቀለምም የለውም። ዝግ ቤት ውስጥ ከሰል አቀጣጥሎ መተኛት እንደሚገድል በአገር ቤት የማያውቅ የለም፤ ጋራዥ ውስጥ የሚነሳ መኪና ወይም ጄኔሬተርም ያንኑ ጋዝ እንደሚተፋ ግን በአማርኛ ማን ነገረን? አዲስ መጤ እናት ማስጠንቀቂያውን በማታነበው ቋንቋ ብትቀበለው እንዳልተነገራት ይቆጠራል።

እዚህ ላይ ጣቴን ወደ ማኅበሮቻችን እቀስራለሁ። እድሮቻችን አስከሬን ወደ አገር ለመላክ የሚደነቅ ሥርዓት አላቸው፤ ስልክ በሰዓታት ውስጥ ይዳረሳል፣ ገንዘብ ይሰበሰባል። ያው የስልክ ሰንሰለት ከወጀቡ 3 ቀን በፊት ቢደወልበትስ? ብቻቸውን የሚኖሩ አረጋውያን ቢቆጠሩ፣ በየቤቱ የጋዝ ጠቋሚ መሣሪያ መኖሩ ቢጠየቅ፣ ማሞቂያ ያለው አዳራሽ ቢዘጋጅ ምን ይጎድልብናል? ስለ አገር ቤት ፖለቲካ እስከ እኩለ ሌሊት የምንከራከርባቸው አዳራሾች ለአንድ ምሽት ለዚህ ቢውሉ አገር አይፈርስም።

ከሹማምንቱ ሕግና ቁጥጥር እንጠይቅ፤ ድምፅ መስጠት የሚችለው በድምፁ ይጠይቅ። ከራሳችን ደግሞ እድሩ ከቀብር በፊት እንዲደርስ እንጠይቅ። ሳይቃጠል በቅጠል!

ቸር ይግጠመን።