አስፋልቱም ይናገር እንጂ!

ዜናውን ሁላችንም በቃላችን እናውቀዋለን። መጀመሪያ መንገድ ስቶ ገደል የገባው አውቶቡስ፣ ወይም ከጭነት መኪና ጋር ፊት ለፊት የተላተመው ሚኒባስ ይመጣል። ከዚያ የሟቾች ቁጥር፣ ቀጥሎ ከባድና ቀላል ጉዳት የደረሰባቸው፣ ቀጥሎ በብር የተገመተ ንብረት። መዝጊያው ላይ አንድ የትራፊክ ፖሊስ ኃላፊ «አሽከርካሪዎች ከምንጊዜውም በላይ ጥንቃቄ እንዲያደርጉ አሳሰቡ»። አለቀ፤ ወደ ስፖርት! እኛ እቺን ማሳሰቢያ እየሰማን ነው ያደግነው። ማሳሰቢያዋ ግን አላደገችም። ዛሬ ጠባችን ከእሷ ጋር ነው።

ማሳሰቢያዋ በአጭሩ የምትለው ጥፋቱ የሹፌሩ ነው። ሹፌሩ በርግጥ ያጠፋል። ይፈጥናል፣ ጫት ቅሞ ሲነዳ ያድራል፣ ንጋት ላይ ያንጎላጃል፣ በስልክ ያወራል። የከተማው ሰው ኢሱዙን «አልቃይዳ»፣ ሲኖትራክን «ቀይ ሽብር» ብሎ የሰየመው ለቀልድ ብቻ አይደለም። ግን ሰው እንደሚያንጎላጅ እያወቅን፣ ጨርሶ እንደማያንጎላጅ አድርገን መንገድ የምንሠራው ለምንድን ነው?

ነገሩ እንዲታየን ጎጃም እንውረድ። ዓባይን ተሻግራችሁ ደጀን ስትደርሱ ወደ ባሕር ዳር የሚወስዱት መንገዶች ሁለት ናቸው። አንዱ በደብረ ማርቆስ በኩል ይዞራል። ሌላው በቢቸና፣ በደብረ ወርቅ፣ በጉንደ ወይንና በሞጣ አድርጎ ያቋርጣል። ጉንደ ወይን የጎንቻ ሲሶ እነሴ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። እንደ ብዙዎቹ የደጋ ከተሞቻችን የተኮለኮለችው በአውራ ጎዳናው ግራና ቀኝ ነው። ለአላፊው ሹፌር ይሄ መንገድ ባሕር ዳር መድረሻ ነው። ለከተማው ሰው ግን ደጃፉ ነው፤ ጤፍ የጫነች አህያ የምትነዳበት፣ ልጅ ደብተሩን ይዞ የሚሻገርበት፣ ባጃጅ የሚዞርበት፣ ለቅሶ የሚኬድበት። ክረምት ላይ ጉሙ ሲወርድ ደግሞ ነጭ ጋቢ የለበሰ ሽማግሌ ከጉሙ አይለይም።

በእንዲህ ያሉ ከተሞች የሚታወቀው መፍትሔ ጉብታ ነው። ልጅ ይገጫል፣ ሰፈሩ ያለቅሳል፣ በሳምንቱ መንገዱ ላይ ድንጋይና አፈር ይቆለላል። እኛ በዚህ ሕዝብ አንፈርድም፤ ሌላ ምን ያድርግ? ማሳሰቢያ ልጁን አልጠበቀለትም። ግን እውነቱን እንነጋገር። ቀለም ያልተቀባ፣ ምልክት የሌለው ጉብታ ሌሊት ላይ ራሱ ወጥመድ ነው። ምጥ የያዛት እናት በአምቡላንስ ስትሄድ ጉብታውን በሆዷ ትቆጥረዋለች። ሹፌሩም ሞኝ አይደለም፤ ጉብታው ላይ ያቆማታል፣ አልፎት ያባከነውን ደቂቃ ለማካካስ ነዳጅ ይረግጣል። ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው ኩርባና ገደል አፍ ላይ ደግሞ ጉብታም የለም።

ታዲያ ምን ይደረግ? ይሄን ጥያቄ ሌሎች ከጠየቁት ቆይተዋል። ኒው ጀርሲ ውስጥ በ1952 እ.ኤ.አ. የመንገዱ ጠርዝ ኮንክሪት ላይ ሸንተረር ተሠርቶ፣ መኪና መስመሩን ሲለቅ መንገዱ እንዲጮህ ተደርጎ ነበር። ራምብል ስትሪፕ ይሉታል፤ እኛ የሚያንኳኳ ጭረት እንበለው። በ1980ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. ደግሞ የፔንሲልቬንያ የክፍያ መንገድ ሰዎች ይሄን ነገር አሳደጉት። የቀድሞው ዘዴ አስፋልቱ ሳይቀዘቅዝ በሮለር እየተጫኑ ሸንተረር ማውጣት ነበር። እነሱ የደረቀውን አስፋልት በማሽን እየፋቁ ጠለቅ ያለ ጭረት አወጡ። ምክንያታቸው ቀላል ነው፤ የከባድ መኪና ሹፌር በራሱ ሞተር ጩኸት መሃል ሆኖ የሚሰማው፣ መሪው እጁ ላይ የሚንቀጠቀጥበት ነገር ያስፈልግ ነበር። በዚያ መንገድ ላይ ከመስመር እየወጡ የሚደርሱ አደጋዎች 70 በመቶ ያህል ቀነሱ።

ማሽኑ ተአምር የለውም። አዲስ አበባ ውስጥ ያረጀ አስፋልት ሲፋቅ ያያችሁ ታናሽ ወንድሙን አይታችኋል ማለት ነው። ጠንካራ የብረት ጥርሶች የተተከሉበት ከበሮ አለው። ከበሮው ይሽከረከራል። የሚሸከመው መኪና ቀስ ብሎ ወደፊት ሲሄድ፣ ክብነቱ ሆን ተብሎ የተዛባ ጎማ ከበሮውን ከፍ ዝቅ ያደርገዋል። ዝቅ ባለ ቁጥር አስፋልቱን ይነክሳል፣ ከፍ ሲል ይለቃል። የተለመደው ንክሻ 12 ሚሊ ሜትር ገደማ ጥልቀት አለው፤ በመንገዱ ርዝመት 18 ሴንቲ ሜትር፣ ወደ ጎን 40 ሴንቲ ሜትር። በየ30 ሴንቲ ሜትሩ ሌላ ይከተላል። ከኋላ ጠራጊ ይመጣል። በቃ። መብራት አይፈልግ፣ ጥበቃ አይፈልግ፣ ጉቦ አይቀበል፣ ሌሊት አይተኛ።

በ2009 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የታተመ ሰፊ ጥናት እንደ ደጀን–ሞጣ ባሉ ባለ ሁለት መስመር የገጠር መንገዶች ላይ ምን እንደሚያመጣ ለክቶታል። ጠርዙ ሲጫር፣ ብቻቸውን ከመንገድ የሚወጡ መኪኖች የሚያደርሱት የሞትና የመቁሰል አደጋ በ36 በመቶ ቀንሷል። መሃል መስመሩ ሲጫር፣ ፊት ለፊት የመላተሙና ከተቃራኒ አቅጣጫ ጎን ለጎን የመፋተጉ አደጋ በ44 በመቶ።

እኛ ጋ ደግሞ ከዚያም በላይ ጥቅም አለው ባዮች ነን። በሌላው ዓለም የመንገድ ትከሻ የተበላሸ መኪና ማቆሚያ ነው። በኛ አገር ትከሻው የእግር መንገድ ነው፤ ሕዝቡ ያለው እዚያ ላይ ነው። ያንጎላጀው ኢሱዙ ወደ ገበያተኛው ሲያዘነብል ጠርዙ ቢጮህ ሹፌሩ ይነቃል፣ ገበያተኛውም ዘወር ይላል። ለጋሪና ለብስክሌት ማለፊያ ክፍተት እየተተወ መጫር ደግሞ የታወቀ አሠራር ነው።

«የኛ መንገድ አይችለውም» የሚል መሐንዲስ ካለ ግማሹን እውነት ይዟል። በሬንጅና በጠጠር ስስ ሽፋን ብቻ የለበሰ መንገድ አይነከስም፤ ውሃ ይገባል። ከሥሩ ዋልካ ካለ ደግሞ አፈሩ ክረምት አብጦ በጋ እየተሰነጠቀ የቀረውን ይጨርሰዋል። ስለዚህ እዚያ ከላይ የሚለጠፍ ወፍራም የቀለም ጭረት ይሁን። የመኖሪያ ቤት ደጃፍ ላይም አይጫር፤ ጩኸቱ ሰው አያስተኛም። ወፈር ያለ አስፋልት የለበሱት፣ ቤት የራቃቸው ኩርባዎች ግን ምን ሰበብ አላቸው?

በመጋቢት 2010 ደቡብ ወሎ፣ ለጋምቦ ወረዳ ውስጥ አውቶቡስ ገደል ገብቶ 38 ሰው አለቀ፤ ብዙዎቹ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ የኛው እኩዮች። በታኅሣሥ 2017 ሲዳማ፣ ቦና ላይ ሠርገኛ የጫነ ኢሱዙ ወንዝ ገብቶ 71 ሰው ጨረሰ። ጭረት ቢኖር ይተርፉ ነበር አንልም፤ ያንን የሚያውቅ የለም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2018 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት ላይ ግን ኢትዮጵያ ለ2016 እ.ኤ.አ. ያስመዘገበችው የመንገድ ሟች 4,352 ነው። ድርጅቱ ራሱ የገመተው 27,326። በሁለቱ ቁጥሮች መሃል ያሉት ሃያ ሁለት ሺህ ምናምን ሰዎች ማሳሰቢያ እንኳ አልተነገረላቸውም።

«በዚህ ሰዓት ስለ አስፋልት ጭረት?» የሚለን ወዳጅ አለ። ገብቶናል። ከ2015 ክረምት ወዲህ አማራ ክልል ጦርነት ውስጥ ነው፤ የጎጃም መንገድ አንዴ ሲዘጋ አንዴ ሲከፈት፣ ተጓዥ የሚፈራው ኩርባን ብቻ አይደለም። ግን ጥይት የሚገድለው ሰው ስላለ መኪና የሚገድለው ይቅር የሚባል ሒሳብ የት ተማርን? ደግሞም የተጎዳ መንገድ ነገ ይጠገናል። አስፋልት ጫኙ፣ ሮለሩ፣ ሠራተኛው አንዴ እዚያ ከደረሰ ጠርዙን መጫር ከዋናው ሥራ አንጻር ትንሽ ጭማሪ ናት። እሷን የሚያስቀራት የገንዘብ እጥረት ሳይሆን ውሉ ላይ የሚጽፋት ሰው መጥፋቱ ነው።

ጽፈው ማየት ያለባቸውን እናውቃቸዋለን። የኢትዮጵያ መንገዶች አስተዳደር አንዱ ነው። ከ1989 ጀምሮ የመንገድ ፈንድ የሚባል አለ፤ ከምንቀዳው ነዳጅ ላይ ለጥገና ገንዘብ የሚሰበሰበው በእሱ ስም ነው። የመንገድ ደህንነትና መድን ፈንድ አገልግሎትም አለ፤ ደህንነት ስሙ ውስጥ ገብቷል። ከሦስቱ አንዱ ከደጀን እስከ ሞጣ ያሉትን ኩርባዎች ቆጥሮ፣ የትኛው በማሽን ይጫር፣ የትኛው በቀለም ይለጠፍ ብሎ ዝርዝር ቢያወጣ እኛም ማሳሰቢያውን እየቆራረጥን ዜና ከምንሠራ ዝርዝሩን እናትም ነበር።

እስከዚያው ድረስ ማይክ የያዝን ሁሉ አንዲት ጥያቄ እንጨምር። ኃላፊው አሽከርካሪዎች እንዲጠነቀቁ አሳስበው ሲጨርሱ ካሜራው አይጥፋ፦ «ጌታዬ፣ መኪናው የወጣበት ቦታ ላይ የመንገዱ ጠርዝ ተጭሮ ነበር ወይ?»