የአንድ ጊዜ ፍተሻ

ደንበኞች ፋይል የሚልኩባቸው የንግድ ሥርዓቶች አንድ ልማድ አላቸው፤ ፋይሉ ሲገባ አንዴ በጸረ ቫይረስ ይፈተሻል፣ ካለፈ ንጹህ ተብሎ ይቀመጣል፣ ከዚያ ወዲያ የሚጠይቀው የለም። ጸረ ቫይረስ ግን የሚያውቀው የተመዘገበውን ወይም እሱን የሚመስለውን ነው። ማንኛውንም ቫይረስ ሳይሳሳት የሚለይ ፕሮግራም ሊኖር እንደማይችል ፍሬድ ኮኸን እ.ኤ.አ. በ1984 አሳይቷል። የፍተሻው መልስ «የማውቀው ነገር አላገኘሁም» ከማለት አያልፍም።

ለኢትዮጵያውያን ነገሩ ባዕድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2013 ውጭ አገር ላሉ የኢሳት ቴሌቪዥን ባልደረቦች ሰነድ መሳይ ፋይሎች ተላኩ፤ የቶሮንቶው የምርምር ተቋም ሲቲዝን ላብ የጣሊያኑን ሃኪንግ ቲም ኩባንያ የስለላ ፕሮግራም አገኘባቸው። ሻጩ ያን ፕሮግራም ሲያስተዋውቅ የነበረው በማይታይነቱ ነው።

በአማራ ክልሏ የሳንጃ ከተማ ችግሩ ሌላ መልክ አለው። የሰሊጥ ነጋዴ ሰነዱን በፍላሽ ይዞ ኮፒ ቤት ሲገባ፣ ኮምፒዩተሩ ቀኑን ሙሉ የስንቱን ፍላሽ ሲቀበል የዋለ ነው። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲቋረጥ፣ በዚያ መስመር ብቻ ይታደስ የነበረ ጸረ ቫይረስ ባለበት ቀረ። ፍተሻውን ለላኪው የሚተው ሥርዓት የሚተማመነው በዚህ የኮፒ ቤት ኮምፒዩተር ላይ ነው።

ፍተሻው እንደሚሠራ የሚቀርበው ማስረጃም ቀጭን ነው። የተለመደው መሞከሪያ ኤይካር የተባለ፣ 68 ባይት ብቻ ያለው ጉዳት የለሽ ጽሑፍ ነው፤ ጸረ ቫይረሶች ሁሉ እንዲይዙት ታስቦ ስለተዘጋጀ መያዙ ፈታሹ መከፈቱን እንጂ ብቃቱን አያሳይም። ክላምኤቪ የተባለው ነጻ ፈታሽም በይለፍ ቃል የተቆለፈ ዚፕ ሲያጋጥመው፣ አስቀድሞ ካልታዘዘ በቀር አያስጠነቅቅም። ውስጡ ሳይታይ አለፈ ማለት ነው።

ፍተሻው ይቅር የሚል የለም፤ ፍላሽ ላይ ፎልደሮችን ደብቆ ሾርትከት የሚተካውን ነባር ቫይረስ ይይዛል። ዋናው ሥራ ግን ሌላ ነው፦ የፋይሉን ዓይነት ከስሙ ጭራ ሳይሆን ከይዘቱ መለየት፣ ሰርቨሩ እንደ ፕሮግራም ሊያስኬደው በማይችልበት ስፍራ ማስቀመጥ፣ ማክሮ ያለበትን የኤክሴልና የዎርድ ሰነድ፣ የተቆለፈውንም ዚፕ መመለስ። ትናንት ያለፈ ፋይልም ጸረ ቫይረሱ ሲታደስ እንደገና መፈተሽ አለበት። ይህን የማያደርግ ድርጅት ለደንበኞቹ «ፋይላችሁ ከቫይረስ የጸዳ ነው» ሊል አይገባም።