«ፒዲኤፉ አለህ?» ለምትሉ ሁሉ

በቴሌግራም ስለ አንድ የአማርኛ ልብወለድ ጥሩ ነገር ጻፉ። ከሥሩ የሚመጣውን የመጀመሪያ ኮሜንት እኔ ልንገራችሁ፦ «ፒዲኤፉ አለህ?» ሁለተኛው፦ «ሊንኩን ጣል አድርግልን»። ስለ መጽሐፉ የሚናገር ሰው ከመጣም አራተኛ ወይም አምስተኛ ላይ ነው። ይህ ቻናልም ከዚህ በሽታ ነፃ አይደለም፣ ስለዚህ ዛሬ የምናገረው ለሌላ ሰው ሳይሆን ለእናንተ ነው።

ባሕር ዳር የኖረ ሰው መጽሐፍ ሻጮቹን ያውቃቸዋል። አንዱ ላስቲክ አንጥፎ መንገድ ዳር የደረደረ ነው። አንዱ በክንዱ እስከ አገጩ ቆልሎ ካፌ ለካፌ የሚዞር ነው። አንዱ ደግሞ ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው ውጭ የሚቆምባት ጠባብ ሱቅ ያለችው ነው። ከእነዚህ ውስጥ አንባቢ የሆነውን በአንድ ነገር ትለዩታላችሁ። «ጥሩ ልብወለድ አለህ?» ስትሉት እጁን ወደ መጽሐፍ አይሰድም። መጀመሪያ «መጨረሻ ያነበብከው ምንድን ነው?» ብሎ ይጠይቃል። «ዴርቶጋዳ» ካልከው አንድ መንገድ ይወስድሃል፣ «ፍቅር እስከ መቃብር» ካልከው ሌላ። አዳም ረታን መሞከር እንደምትፈልግ ከነገርከው «በየስንብት ቀለማት አትጀምር፣ ውፍረቱ ያስደነግጥሃል፤ ግራጫ ቃጭሎችን ያዝ» ይልሃል። የፔዳና የፖሊ ተማሪ ስንቱ በዚህ ዓይነት ምክር አንባቢ ሆኗል!

ይህን ሥራ ሌላ የሚሠራልን አለ? ጋዜጦቹ የሥነ ጽሑፍ ዓምድ ነበራቸው፤ ዓምዱም አብዛኞቹ ጋዜጦችም ዛሬ የሉም። የመጽሐፍ ምረቃ ላይ የሚነገረውንማ ሁላችንም ሰምተነዋል። መድረክ ላይ የወጣ ሁሉ የደራሲው ጓደኛ ነው፣ የተመረቀ መጽሐፍ ሁሉ «ታላቅ ሥራ» ነው። ቲክቶክ ላይ ሽፋኑን ከፍ አድርጎ የሚያሳየን ልጅ ብዙ ጊዜ መጽሐፉን በስጦታ ያገኘ ነው። መጽሐፍ ሻጩ ግን ያንን ልብወለድ በራሱ ገንዘብ ገዝቶ አምጥቶታል። ዋሽቶ ከሸጠላችሁ በሚቀጥለው ሳምንት በሌላ መንገድ ታልፋላችሁ። በዚህ አገር ገንዘቡን አስይዞ ስለ ልብወለድ የሚናገር ሃያሲ እሱ ብቻ ነው።

እና ምን እናደርገዋለን? አጠገቡ ቆመን አሥር ደቂቃ እናወራዋለን፣ የሁለት የሦስት መጽሐፍ ስም እንቀበለዋለን፣ ሽፋኑን በስልካችን ፎቶ እናነሳለን፣ «እመለሳለሁ» እንለዋለን። ቤት ገብተን ፒዲኤፉን እንፈልጋለን። ምክሩን በነፃ ወስደን መጽሐፉንም በነፃ! ይህን በቅመም ሻጭ ላይ ብናደርገው ሌባ እንባላለን። በመጽሐፍ ሲሆን «የንባብ ባህልን ማስፋፋት» ነው ስሙ።

«ዋጋው አይቀመስም» ትላላችሁ። እውነት ነው፣ አልክድም። ወረቀት ከውጭ ይገባል፤ ብር በሐምሌ 2016 በገበያ እንዲመራ ከተለቀቀ በኋላ ከውጭ የሚገባ ሁሉ ምን እንደሆነ እያንዳንዳችሁ በኪሳችሁ አይታችኋል። ከአዲስ አበባ እስከዚህ ያለው መንገድ በተዘጋ ቁጥር ደግሞ የመጽሐፉ ካርቶን ከሌላው ጭነት ጋር አብሮ ይቆማል። ነገር ግን ድሮም አብዛኛው አንባቢ ሀብታም አልነበረም። መጽሐፍ በሳንቲም ይከራይ ነበር፤ መያዣ አስቀምጠህ ትወስዳለህ፣ ጨርሰህ ትመልሳለህ፣ ሌላ ትወስዳለህ። ደራሲው አንድ ቅጂ ይሸጥለታል፣ ሻጩ በዚያችው ቅጂ ደጋግሞ ይጠቀማል፣ አንባቢውም ያነባል። አምስት ጓደኛሞች አዋጥታችሁ አንድ ልብወለድ ብትገዙስ? ለጫት፣ ለድራፍት፣ ለእግር ኳስ ውርርድ የምናዋጣ ሰዎች አይደለንም እንዴ?

ከሁሉ የሚያናድደኝ «ኦሮማይም እኮ በኮፒ ነው የተነበበው» የሚለው ክርክር ነው። በዓሉ ግርማ በ1975 «ኦሮማይ»ን አሳተመ። መንግሥት መጽሐፉን ከገበያ ሰበሰበው፣ ደራሲውን ከሥራው አባረረው። በየካቲት 1976 በዓሉ ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። ሰው መጽሐፉን ደብቆ ከእጅ ወደ እጅ ያቀባበለው መንግሥት እንዳይነበብ ስለከለከለ ነው። አደጋ ነበረበት። እናንተ ሶፋ ላይ ተጋድማችሁ፣ ማንም ያልከለከለውን፣ ደራሲው በሕይወት እያለ ተበድሮ ያሳተመውን ልብወለድ ስታወርዱ ምን ዓይነት ትግል ላይ ናችሁ? ያኔ ቅጂው የተደበቀው ከሳንሱር ነበር። ዛሬ የምትደብቁት ከደራሲው ነው።

ደግሞ አንድ ነገር አስታውሱ። ከ2015 ክረምት ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ዳታ ለወራት ሲዘጋ፣ ያ በሺዎች የሚቆጠር ፋይል ያለው ቻናል የት ነበር? ከምሽት በፊት ቤት መግባት ግዴታ በሆነባቸው በእነዚያ ቀናት ምን እናነብ ነበር? ላስቲክ ያነጠፈው ሰውዬ ያለውን ይዞ ተቀምጦ ነበር። የተኩስ ወሬ ሲሰማ ጠቅልሎ ይሄዳል፣ ሲረጋጋ ተመልሶ ያነጥፋል።

ሻጮቹን ቅዱሳን አላደርጋቸውም። አንዳንዶቹ ራሳቸው በሕገወጥ መንገድ የተባዛ መጽሐፍ ይሸጣሉ፤ ሽፋኑ የደበዘዘውን፣ ገጹ የተንጋደደውን፣ ሁለት ጊዜ ሲገለጥ የሚበተነውን። ይህም ስርቆት ነው፣ አትግዙ። ሌሎቹ ደግሞ ደንበኛ ባዩ ቁጥር «በ30 ቀን ሀብታም ሁን» ዓይነት ትርጉም ይዘረጋሉ። በነዚህ ግን ሙሉ በሙሉ አልፈርድም። አብዛኛው ሻጭ በጥሬ ገንዘብ ገዝቶ የሚያመጣ ነው፣ ያልተሸጠውን የሚመልስበት የለውም። ስለዚህ የማይታወቅ ደራሲ አዲስ ልብወለድ አምስት ቅጂ ማምጣት ለሱ ቁማር ነው። እኛ ፎቶ አንስተን በሄድን ቁጥር ቁማሩን ይፈራል፣ መደርደሪያው ላይ የሚቀሩት እነዚያው ሰባት ስምንት የታወቁ ርዕሶች ይሆናሉ። ከዚያ መልሰን «አዲስ ደራሲ የለም» እንላለን።

ነፃ የሆነ ነገር ከፈለጋችሁ አንድ ልጠቁማችሁ። ከባሕር ዳር በጀልባ አንድ ሰዓት ገደማ ተጉዛችሁ የምትደርሱባት ዘጌ፣ ቡናዋና ገዳማቷ ብቻ አይደለም ያላት። የመጀመሪያውን የአማርኛ ልብወለድ የጻፈው አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ የተወለደው እዚያ ነው። መጽሐፉ፣ ዛሬ «ጦቢያ» የምንለው፣ በ1900 ሮም ታተመ፤ «ልብወለድ» የሚለው ስም ራሱ ከርዕሱ የወጣ ነው። ሰውዬው በኋላ ለጣልያን ያደረው ሌላ ጉዳይ ነው፣ አንድ ቀን እመለስበታለሁ። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የደራሲ መብት የሚጠበቀው በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ነው። አፈወርቅ ከሞተ ከ70 ዓመት በላይ ሆኖታል፣ እሱን እንደልባችሁ ተቀባበሉ። ሐዲስ ዓለማየሁ ግን ያረፉት በ1996 ነው። ቁጠሩት፤ «ፍቅር እስከ መቃብር» እስከ 2046 ባለመብት አለው። በየቻናሉ ስንት ጊዜ እንደተለጠፈ ታውቃላችሁ።

ከውጭ የምቀናበት አንድ ነገር አለ። የአሜሪካ መጽሐፍ ሻጮች ማኅበር በየወሩ፣ ሰንሰለት ያልሆኑ ትናንሽ ሱቆች ሻጮች አንብበው የመረጧቸውን መጻሕፍት ዝርዝር ያወጣል። እያንዳንዱ ሻጭ ለምን እንደመረጠ በሁለት በሦስት ዓረፍተ ነገር ይጽፋል። ብዙ በጀት አይጠይቅም። እኛም በአንድ የቴሌግራም ቻናል ልናደርገው እንችላለን፣ ከዚሁ እንጀምር።

ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ እዚህ ቻናል ላይ የባሕር ዳር ሻጮች የመረጧቸው ልብወለዶች ዝርዝር ይወጣል። በሕይወት ያለ ደራሲ ፒዲኤፍ እዚህ የሚለጥፍ ሰው ይወጣል፣ ክርክር የለም። ሻጭ የሆናችሁ፦ በውስጥ መስመር አንድ ልብወለድ ብቻ ላኩልኝ። ማን እንደጻፈው፣ ለምን ዓይነት አንባቢ እንደምትሰጡት፣ ለማን ደግሞ እንደማትሰጡት፣ እና የት ተቀምጣችሁ እንደምትሸጡ ጻፉልኝ። ዋጋውንም ጨምሩ፣ አንባቢው አዋጥቶ ይምጣ።