የደም ቀለምና የብዕር ቀለም

ባለፈው የግጥም ምሽት አንድ ጓደኛችን ስለ እንግሊዝ «ነጭ ለባሾች» የጻፈውን ግጥም አነበበልን። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። እውነቱን እንናገር፣ እኛም አጨብጭበናል። ማታ ዶርም ገብተን ስንጋደም ግን ጭብጨባው ቆረቆረን። ይኸን ጽሑፍ የወለደው ያ ቁርቆራ ነው።

ነጭ ለባሽ የሚለው ስም ለአገራችን ጆሮ እንግዳ አይደለም። እነዚህኞቹ ግን በእንግሊዝ የእርስ በርስ ጦርነት ለቀዳማዊ ቻርልስ የተሰለፉ እግረኞች ናቸው (ዘመኑን የምንቆጥረው እንደ ፈረንጆች ነው)። በ1642 ጦርነቱ ሲፈነዳ የኒውካስሉ ጌታ ዊልያም ካቨንዲሽ በሰሜን ለንጉሡ ጦር አደራጀ፤ የራሱ ሬጅመንት ነጭ ለባሽ ተባለ። የኒውካስል ጦር በጁን 1643 በአድዋልተን ሙር የፓርላማውን ጦር ድል መታ። በዚያው ዓመት ሃልን ከብቦ ባዶ እጁን ተመለሰ። በ1644 ስኮቶች ከሰሜን ሲገቡበት ወደ ዮርክ አፈገፈገ፣ እዚያም ተከበበ። ልዑል ሩፐርት ደርሶ ከበባውን ቢሰብርም በማግስቱ፣ ጁላይ 2 ቀን፣ ማርስተን ሙር ላይ 18,000 የሚሆን ጦር ይዞ 28,000 ከሚሆን ጦር ጋር ገጠመ። ኒውካስል «አሁን አንዋጋ» የሚል ምክር ሰጥቶ ነበር፤ ሰሚ አላገኘም።

ሲመሽ የንጉሡ ፈረሰኛ ተበተነ። ነጭ ለባሾቹ ግን በአንድ የታጠረ መስክ ተሰብስበው ቆሙ። ምሕረት ቢሰጣቸው እምቢ አሉ፤ 30 እንኳ በሕይወት አልተረፉም። ይኸን ከወዲያኛው ወገን የተዋጋ አንድ ሻምበል ነግሮት የጻፈው ኮከብ ቆጣሪው ዊልያም ሊሊ ነው።

ጌታቸውስ? በማግስቱ ወደ ስካርብራ ሄዶ በመርከብ ወደ ሃምቡርግ ተሻገረ። ፈሪ አልነበረም፤ በዚያ ምሽት እሱም ተዋግቷል። ግን ማምለጫ መርከብ የነበረው እሱ ነው፣ እነርሱ አጥር ብቻ ነበራቸው።

አሁን ወደ ግጥሙ እንምጣ። ጓደኛችን እጅግ የወደደው የልብሱን ታሪክ ነው፦ ቀይ ጨርቅ ጠፋ፣ ጌታው ነጩን እስካስቀልመው ታገሡ አላቸው፣ እነርሱ ግን እንዳለ ይሰጠን፣ በጠላት ደም እኛው እናቀልመዋለን አሉ። ያምራል! እስቲ ማን ነው ያወራልን? የጌታው ሚስት ማርጋሬት ካቨንዲሽ፣ በ1667 ባሳተመችው የባሏ የሕይወት ታሪክ። ከማርስተን ሙር 23 ዓመት በኋላ ማለት ነው። ያ ውጊያ ሲካሄድ ገና አላገባችውም ነበር። የሞቱት ሰዎች ግን «አላልንም» ብለው ሊያስተባብሉ አይችሉም። በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት ማለት ይኸ ነው!

በዚያው መጽሐፍ ውስጥ ባሏ በጦርነቱ ያጣው ሀብት ተዘርዝሮ ተደምሯል፦ 941,303 ፓውንድ። ሦስቷ ፓውንድ እንኳ አልተረሳችም። ነጭ ለባሾቹን ግን በስም የቆጠረ የለም። ጌታው በ1660 ንጉሡ ሲመለስ ተመለሰ፣ በ1665 ዱክ ሆነ፣ ሲሞትም ዌስትሚንስተር ተቀበረ። እነርሱ ያው ሜዳው ላይ ቀሩ።

«ጀግንነት የማንም ቢሆን ጀግንነት ነው» የሚል ወዳጅ አለን። ጀግንነታቸውን አልካድንም። የምንክደው «ታማኝነት» የሚለውን ስም ነው፤ ስሙን ያወጣው ከሞታቸው የተጠቀመው ወገን ነውና። ለንጉሡ ነው የቆሙት? አጠገባቸው ላለው ባልንጀራ? ወይስ መውጫ አጥተው? አልጻፉልንም። ታዲያ ዝምታቸውን በጌታ ንግግር የምንሞላው እኛ ማን ሆነን ነው?

አሸናፊዎቹም መላእክት አልነበሩም፤ በ1649 በርፈርድ ላይ ከገዛ ወታደሮቻቸው ሦስቱን ረሽነዋል። አንድ ነገር ግን አለ። በ1647 ፓትኒ ላይ የፓርላማው ወታደሮች ከጄኔራሎቻቸው ፊት ቆመው ድሃውም ድምፅ ይኑረው ሲሉ ዊልያም ክላርክ የተባለ ጸሐፊ ክርክሩን እየሰማ መዘገበ። ስለዚህ ዛሬ እነዚያ ይናገሩናል፣ ነጭ ለባሾቹ ዲዳ ናቸው። ልዩነቱ የወኔ አይደለም። ልዩነቱ ብዕሩ ማን እጅ ነበር ነው።

ጓዶች! የእርስ በርስ ጦርነትን ከመጽሐፍ ብቻ የተማርን ትውልድ አይደለንም። ከየሰፈራችን ሄዶ ያልተመለሰ የዕድሜ እኩያ አለን፤ ስለ እርሱም ግጥም የሚጽፍ አይጠፋም። ውሻ በበላበት ይጮኻል ይባላል፤ ባለብዕርም አንዳንዴ እንደዚያው ነው። ጓደኛችን ግጥሙን ይቅደደው አንልም። እንደገና ይጻፈው። የዱኳን ሒሳብ ይጨምርበት፣ አጥሩን ይጨምርበት፣ ዝምታቸውን ደግሞ ዝምታ አድርጎ ይተወው። ያኔ እኛም እናጨበጭባለን፣ ወይም ዝም ብለን እንነሣለን።